ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?

የ2000 ዓ.ም. መስከረም ሲጠባ አዲስ አበባ ለሚሌኒየሙ በዓል ሽር ጉድ ትል ነበር። አምስት ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ግን ወሬው ሌላ ነው። «ጂአርኢ ተመዘገብሽ?» «ሙሉ ፈንድ የሚሰጠው የትኛው ነው?» «ሪኮሜንዴሽን ማን ሊጽፍልህ ነው?» አብረን ሲቪል ምሕንድስና ከጨረስነው መካከል እንደ እኔ በረዳት መምህርነት እዚያው የቀሩም፣ ኮንትራክተር ዘንድ ተቀጥረው ሳይት የወረዱም ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ስንገናኝ ግን የሁላችንም ጨዋታ ዞሮ ዞሮ ለዶክትሬት ማመልከት ላይ ያርፍ ነበር።

ማመልከትን ክፍል ውስጥ ያስተማረን የለም። ከላይኛው ባች ወደ ታችኛው በእጅ የሚወርድ እውቀት ነበር። ለእኔ የደረሰኝ፣ ለአሜሪካ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ለጂአርኢ የሚያዘጋጀው የባሮንስ መጽሐፍ ከፎቶ ኮፒ ላይ እንደገና ኮፒ የተደረገ ነው። ጠርዙ ላይ የተለያዩ ሰዎች እጅ ጽሕፈት አለ። አንዱ ከእንግሊዝኛው ቃል አጠገብ የአማርኛውን ፍቺ በእርሳስ ሞልቶታል፤ ሌላው የጠናበትን ቃል አክብቦታል፤ አንዷ ደግሞ በመጨረሻው ገጽ ላይ «በቀን ጥቂት ጥቂት፤ ተስፋ እንዳትቆርጡ» ብላ ጽፋለች። አይቻቸው የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ያኔ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበሩ። እኔም ፈተናዬን እንደጨረስኩ መጽሐፉን ለተከታዩ ሰጠሁ።

በዚያ ዘመን የጂአርኢ ሒሳብና ቨርባል እያንዳንዳቸው ከ800 ይታረሙ ነበር። የምሕንድስና ተማሪን ሒሳቡ ብዙም አያስፈራውም፤ የሚያደክመው ቨርባሉና የጽሑፉ ክፍል ነው። የፈተናው ክፍያ ውጤትን ለአራት ዩኒቨርሲቲዎች መላክን ይጨምራል። ከአራት ካለፈ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዶላር ይጠየቃል። ስለዚህ የት እንደምናመለክት ቁርጥ አድርገን የምንወስነው ፈተናው ከመድረሱ በፊት ነበር።

መንገዱም አንድ አልነበረም። አሜሪካ በመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከት ይቻላል፤ የተቀበለሽ ክፍል በምርምር ረዳትነት ወይም በማስተማር ረዳትነት ቀጥሮ ትምህርቱንም ኑሮውንም ይችላል። አውሮፓ በአብዛኛው ማስተርስ ይጠይቃል። ስዊድን የዶክትሬት ተማሪ ማለት ተቀጣሪ ነው፤ ቦታው እንደማንኛውም ሥራ ማስታወቂያ ይወጣለታል፣ ደመወዝ አለው። ጀርመን ለመሄድ የሚያስብ የጀርመን የትምህርት ልውውጥ አገልግሎት (ዳአድ) የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ ይጠብቃል፤ ከዚያ በፊት ግን ሥራውን ሊያማክረው ፈቃደኛ የሆነ ፕሮፌሰር ማግኘት አለበት። ይህን ሁሉ ያወቅነው ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጠን፣ ሒሳቡ በደቂቃ እየተቆጠረ፣ አንዱ ገጽ እስኪከፈት ሌላውን ማስታወሻ ላይ እየገለበጥን ነው።

ለሪኮሜንዴሽን በመጀመሪያ የሄድኩት የውሃ ምሕንድስና ያስተማረን መምህር ዘንድ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ መምህራን ሥራ ስለሚበዛባቸው «አንቺው ጻፊውና አምጪው፤ እፈርማለሁ» ይሉ ነበር። እሱ እንደዚያ አላለም። ወንበር ሰጠኝና ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን የፈተና ወረቀት ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ጠየቀኝ፤

«ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?»

«ዶክትሬቴን በኢንቫይሮንመንታል ምሕንድስና መሥራት እፈልጋለሁ» አልኩት።

«እሱን ሰማሁ። የትምህርቱን ስም ነው የነገርሽኝ። እኔ የጠየቅኩሽ ሌላ ነው። ዛሬ ማንም የማያውቀው፣ አንቺ ግን ማወቅ የምትፈልጊው ነገር ምንድን ነው?»

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስጠየቅ ነው ያደግኩት። የሚጠይቀኝ ሰው ግን ሁልጊዜ መልሱን ያውቀው ነበር፤ የእኔ ሥራ እሱ የሚያውቀውን መልሶ ማግኘት ነው። ጥሩ ተማሪ የሚባለውም ይህን ቶሎ የሚያደርገው ነው። ማትሪኩን ያለፍነውም፣ ዲግሪያችንን ያገኘነውም በዚሁ ነው። ከእኔ የሚመነጭ ጥያቄ እንዳለኝ የጠየቀኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር። መልስ እንደሌለኝ ሲያይ አልተቆጣም። «አስቢበትና ነይ። ደብዳቤውን የምጽፈው ያን ጊዜ ነው» አለኝ።

ለመስቀል ቤተሰቦቼ ጋ ወንጂ ወረድኩ። ወንጂ የሸንኮራ አገር ናት፤ ስኳር ፋብሪካው ከሆላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረ ነው። አባቴ ወጣትነቱን እዚያ ሸንኮራ በመቁረጥ፣ ኋላም በፋብሪካው ውስጥ በመሥራት ነው የጨረሰው። ሠራተኞቹና ቤተሰቦቻቸው የሚጠጡት ውሃ የጉድጓድ ውሃ ነበር። እኛ የአካባቢው ልጆች ፈገግ ስንል አገራችን ይታወቃል፤ ጥርሳችን ቡናማ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ «የናዝሬት አካባቢ ልጅ ነሽ?» ያላለኝ የለም። እናቴ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ እኔም ከእሷ ወርሼ በእጄ እሸፍን ነበር።

የመስቀል ዕለት ማታ አባቴ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሳለ ከኋላው ጠራሁት። ዞሮ አየኝ። አንገቱ ግን አልዞረም፤ እግሩን አንሥቶ፣ ወገቡን ይዞ፣ ከነመላ ሰውነቱ ነው የዞረው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነበር የሚዞረው። እርጅና ነው፣ የሸንኮራው ሥራ ነው፣ ብርድ ነው ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ። በዚያ ምሽት ግን ያ መምህር የጠየቀኝ ጥያቄ ከእኔ ጋር ወንጂ ድረስ ወርዶ ስለነበር፣ አባቴን እያየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ «ለምን?» አልኩ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ማንበብ ጀመርኩ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያ የከርሰ ምድርና የገጸ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ እንዴት እንደተሰራጨ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙትን ጥናት አገኘሁ። ትኩረቱ ስምጥ ሸለቆ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ከ10 የሚበልጥባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ የሚጎዳው በልጅነት፣ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው። አጥንት የሚጎዳው ደግሞ ያንኑ ውሃ ለረጅም ዓመታት ሲጠጡት ነው፤ አከርካሪና መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ አንገት አልዞር ይላል። በወንጂ የሸንኮራ ሠራተኞች ላይ ይህ መታየቱ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ከተመዘገበ ቆይቷል። የአባቴን አዟዟር በእንግሊዝኛ ተጽፎ አነበብኩት።

ምክንያቱንም ተረዳሁ። የስምጥ ሸለቆው አለት እሳተ ገሞራ ወለድ ነው፤ በውስጡ ፍሎራይድ አለ። በአካባቢው ውሃ ውስጥ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ብዙ ነው፣ ካልሲየም ግን ጥቂት ነው። ካልሲየም ቢበዛ ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጥ ነበር፤ ስለሌለ ግን ፍሎራይዱ ውሃው ውስጥ እንደሟሟ ይቀራል። ከዚያ ወደ ማጣሪያዎቹ ሄድኩ። በሕንድ የናልጎንዳ ዘዴ የሚባለው በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ የሚሠራ ነው። አክቲቬትድ አሉሚና የሚባለው ደግሞ ፍሎራይዱን ገጹ ላይ ይይዛል። በከፍተኛ ሙቀት የከሰለ የከብት አጥንትም እንዲሁ ይይዛል። ሁሉም ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራሉ። መንደር ሲወርዱ ግን አንዱ ጋ ወራት የቆየው ማጣሪያ ሌላው ጋ ቶሎ ይደክማል። አጥንቱ የምን እንስሳ ነው፣ በጾም ውሃው ይጠጣል ወይ የሚል ጥያቄም ይነሣል።

እነሆ ጥያቄዬ። ያው ማጣሪያ በአንዱ ጉድጓድ ሠርቶ በሌላው ለምን ይደክማል? ባይካርቦኔቱ ነው ከፍሎራይዱ ጋር ቦታ የሚሻማው? የውሃው ፒኤች ነው? ሲሊካው ነው? ወይስ ሁሉም ተደምረው ነው? እነዚህን ለያይቶ ያወቀ ሰው ለእያንዳንዱ መንደር የሚሆነውን ማጣሪያ አስቀድሞ ማስላት ይችላል።

መምህሬ ዘንድ ተመለስኩና ይህንኑ ነገርኩት። ስለ አባቴም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ እኔኑ መጠየቅ ጀመረ፤ በየትኛው ላብራቶሪ ሠርተሽ ታውቂያለሽ? የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ላይ የከበደሽ ምን ነበር? እንዴት ተወጣሽው? የአንድ ከሰዓት ሥራ ሆነ። ዛሬ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ኮሚቴ ውስጥ ስቀመጥ የዚያን ከሰዓት ዋጋ አውቀዋለሁ። «ጎበዝ፣ ታታሪና ጨዋ ተማሪ ናት» የሚል ደብዳቤ ለማንም ሊጻፍ ስለሚችል ስለ ማንም አይናገርም። ተማሪዋ ምን እንደሠራች፣ የት ላይ እንደተቸገረች፣ ከችግሩ እንዴት እንደወጣች የሚተርክ ደብዳቤ ግን ከወረቀቱ ክምር መካከል ሰው ያሳያል።

የዓላማ መግለጫውን መጻፍ ደግሞ የራሱ ትግል ነበረው። እኛ ዘንድ ራስን ማሞገስ ነውር ነው፤ ሰው ይናገርልሽ እንጂ አንቺ ስለ ራስሽ አትናገሪም። የሚጠየቀው ግን ሁለት ገጽ ስለ ራስ ነው። ያዳነኝ ጥያቄው ነው። ስለ ራሴ መጻፉን ትቼ ስለ ውሃው ጻፍኩ። ስለ አለቱ፣ ስለ ማጣሪያዎቹ፣ ያልገባኝ የቱ ጋ እንደሆነና ለማወቅ ምን ምን መለካት እንዳለበት ጻፍኩ። ውሃውን በደንብ ካስረዳሁ እኔ ማን እንደሆንኩ ከዚያው ይታያል ብዬ አመንኩ። ይህን እምነት እስከ ዛሬ አልቀየርኩትም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሰው እጅ ሥራ ነው። የማመልከቻ ክፍያው ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ከ50 ዶላር በላይ ነበር። አንድ ዶላር ገና ከ10 ብር በታች ቢሆንም፣ ብሩ ቢገኝ እንኳ ዶላር አድርጎ በካርድ የሚከፍልበት መንገድ እኛ ዘንድ አልነበረም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው አጎቴ ታክሲ ይነዳ ነበር። የማመልከቻዬን መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል በስልክ እነግረዋለሁ፤ እሱ ከሥራ ሲወጣ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ በካርዱ ይከፍላል። ከዚያ ደውሎ የክፍያ ማረጋገጫውን ፊደልና ቁጥር አንድ በአንድ ያስጽፈኛል። «ጻፍሽ? ድገሚልኝ» ይለኛል። እደግምለታለሁ። ስለ ገንዘቡ አንድም ቀን አላነሣም።

ትራንስክሪፕቱ ደግሞ በታሸገ ፖስታ መሄድ አለበት። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ እያንዳንዱን ፖስታ አጥፋ፣ መዝጊያው ላይ ፈርማ፣ ግማሹ ክዳኑ ላይ ግማሹ ፖስታው ላይ እንዲያርፍ አድርጋ ማኅተሙን መታች። ከዚያ ማኅተሙ እንዳይፋቅ ግልጽ ፕላስተር ለጠፈችበት። «መንገድ ላይ ቢጎሳቆል እንኳ አይከፈትም። ይቅናሽ የኔ ልጅ» አለችኝ። ዲኤችኤል የሚቀመስ አልነበረም፤ ፖስታዎቹ የሄዱት በሰው እጅ ነው። ቨርጂኒያ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ የሰፈራችን እናት ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱልኝ፤ ልጃቸው እዚያ ቴምብር ለጥፋ ላከችው። እኚህ እናት ፊደል የቆጠሩ አልነበሩም። የእኔ የዶክትሬት ማመልከቻ ግን ያለ እሳቸው አይደርስም ነበር።

የማመልከቻው መጨረሻ ዲሴምበር 15 ነበር፤ በእኛ በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 5። የምሥራቅ አሜሪካ እኩለ ሌሊት የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስለሚሆን፣ ሌሊቱን ሙሉ ቅጹን ስሞላና ስፈትሽ አድሬ ሊነጋጋ ሲል ላክሁት። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። የካቲትና መጋቢት ኢሜይል የሚከፈተው በፍርሃት ነው። አንዳንዱ «እናዝናለን» ብሎ ይጽፋል፤ አንዳንዱ ተቀብሎ ገንዘብ የለኝም ይላል። ያለ ፈንድ መቀበል ለእኛ ያለመቀበል ያህል ነው።

በመጋቢት መጨረሻ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መጣ። ትምህርቱ ተከፍሏል፤ የምርምር ረዳትነት ደመወዝ አለው። ከደብዳቤው በታች ፕሮፌሰሯ ራሷ የጻፈችው አጭር መልእክት ነበር፤ ስለ ፍሎራይዱ የጻፍኩትን እንዳነበበችው፣ የባይካርቦኔቱን ነገር አብረን እንድንመረምረው እንደምትፈልግ ይናገራል። የአሜሪካ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ስምምነት ለእንዲህ ያለ የገንዘብ ድጋፍ መልስ የሚሰጥበትን ቀን እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም ሚያዝያ 7 አድርጎታል፤ ተማሪው ተቻኩሎ እንዳይወስን ነው። እኔ ግን በዚያኑ ዕለት መለስኩ።

ከዚያ በኋላ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልጉት የአይ ሃያ ቅጽና የሴቪስ ክፍያ፣ እንጦጦ መንገድ ላይ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ሁሉም በየተራው መጣ። ቪዛ ክፍል የተጠየቅኩትም ያንኑ ነበር፤ ምን ልታጠኚ ነው? በዚያን ጊዜ መልሱ አፌ ላይ ነበር። ወንጂ ሄጄ ቤተሰቦቼን ስሰናበት አባቴ ብዙ አልተናገረም። «የውሃውን ነገር ካወቅሽው ለእኛም ንገሪን» አለኝ። ከዚያ የሚበልጥ አደራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። የዶክትሬት ሥራዬም ከዚያ አደራ አልራቀም።

ዛሬ ብዙ ነገር ተቀይሯል። የጂአርኢ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ተለውጧል፤ ከ2020 በኋላ ደግሞ ብዙ የአሜሪካ የምሕንድስና ክፍሎች ፈተናውን ጨርሰው ትተውታል። ትራንስክሪፕትና ደብዳቤ በኢንተርኔት ይላካል። ስኮላርሺፕ የሚወጣበትን ጊዜ ወጣቶቹ በቴሌግራም ይነጋገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በሳዑዲ ዓረቢያ የተከፈተው የንጉሥ አብደላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪዎቹን ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። አገር ቤትም ቢሆን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የውሃ አስተዳደር የልህቀት ማዕከል የዶክትሬት ተማሪዎች ይማራሉ፤ የስምጥ ሸለቆን ውሃ ለማጥናት የግድ ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልግም። በዚህ ከልቤ ደስ ይለኛል።

ከኢትዮጵያ የሚመጡ ማመልከቻዎች ሲደርሱኝ ግሬዱን አያለሁ፤ ሥራዬ ነውና። ከግሬዱ በፊት የምፈልገው ግን ያ መምህር የጠየቀኝን ነው። ይህች ልጅ ምን ማወቅ ትፈልጋለች? የጎንደር ልጅ ስለ ጣና እንቦጭ፣ የአፋር ልጅ ስለ ምድር ሙቀት ኃይል፣ የመርካቶ ልጅ ስለ ፕላስቲክ ቆሻሻ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ትልቅ ስም ያለው መሆን አያስፈልገውም። የራሱ የአመልካቹ መሆኑ ግን ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ይታወቃል። ማንም የላቀ ውጤት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የራሱን ጥያቄ ይዞ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው፤ ዶክትሬት የሚሠራውም በእሱ ነው።

ያልተቀየረም ነገር አለ። ዛሬም ክፍያው በዶላር ነው፤ ዛሬም ካርድ የሌላቸው ጎበዞች አሉ፤ ዛሬም ደብዳቤ ራስሽ ጻፊው የሚባሉ ተማሪዎች አሉ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለአመልካቾቹ ብቻ አይደለም፤ ከእኔ ጋር ይህን መንገድ ላለፉትም ነው። መምህር የሆናችሁ ደብዳቤውን ራሳችሁ ጻፉት፤ ከመጻፋችሁም በፊት ተማሪውን ጠይቁት። ውጭ ያላችሁ ክፍያውን ክፈሉ፤ ክፍያ እንዲነሣላቸው የሚፈቅዱ ክፍሎችን ፈልጋችሁ ንገሯቸው። ጥያቄ ያለውን ልጅ ካርድ ማጣት ሊያስቀረው አይገባም። እኛን ያሳለፉን ሰዎች ምንም ሳይጠይቁን ነው ያደረጉት፤ ዕዳው ለእነሱ ሳይሆን ለሚከተሉን ነው የሚከፈለው።